ስንጥቅን የሚሰማ ጆሮ

ቶንጎ የባቡር ፉጨት ሰምታ አታውቅም። ከአሶሳ በስተደቡብ፣ ወደ ሱዳን ድንበር ቀረብ ብላ የተቀመጠችው ይህች የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ከተማ የጭነት መኪና ጡሩምባ ታውቃለች፤ የአህያ ኮቴ ታውቃለች፤ ሐዲድ ግን አላየችም። በአገር ውስጥ ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ ለእርስዋ የሚጀምረው ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በስተምሥራቅ፣ ከሰበታና ከአዲስ አበባ ነው። እንግዲህ ስለ ሐዲድ ስንጥቅ፣ ስንጥቁንም ስለሚያገኘው የኤሌክትሮ መግነጢስ ምርመራ የሚናገር ጽሑፍ ከቶንጎ መነሣቱ አንባቢን ግር ሊያሰኘው ይችላል። ይሁን እንጂ ነገሩ የብረት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የጆሮ ጉዳይ ነው። ጆሮ ደግሞ ቶንጎም አላት።

በገበያ ቀን ድስት ወይም እንስራ የምትገዛን ሴት ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ሸክላውን አንሥታ ዙሪያውን ትመለከተዋለች፤ አፉን፣ ጎኑን፣ መቀመጫውን ታገላብጣለች። ከዚያ በኋላ ግን ዓይኗን ማመን ትታ በአንድ እጇ ታንጠለጥለውና በሌላው እጇ ጣቶች ኳ ኳ ታደርገዋለች፤ ራሷንም ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። በሙያዋ የምትተማመን ሻጭ በዚህ አትቀየምም። «አንኳኪው ልጄ፤ እሱው ራሱ ይንገርሽ» ትላለች እንጂ። ደኅናው ሸክላ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ስንጥቁ በጥላሸት የተሸፈነ፣ ከፀጉር የቀጠነ ሊሆን ይችላል፤ ድምፁ ግን አይሸፈንም።

የበርታ ሕዝብ የዋዛ ጨዋታም ሌላ ምስክር ነው። ስሙ ለአማርኛ ተናጋሪ ቀልድ ቢመስለውም ነገሩ ዋዛ አይደለም። ዋዛ ከቅል ቁራጮች ተገጣጥሞ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። እያንዳንዱ መለከት የሚያወጣው አንድ ድምፅ ነው፤ ዜማው የሚገኘው ነፊዎቹ ተራቸውን ጠብቀው፣ አንዱ የሌላውን ክፍተት እየሞላ ሲነፉ ነው። ስለሆነም ከመለከቶቹ የአንዱ ቅል ተሰንጥቆ ትንፋሽ ቢያመልጥ የሚጎድለው የአንድ ሰው ድርሻ ብቻ አይደለም፤ ያ ድምፅ ሊገባበት በሚገባው ስፍራ ሁሉ ዜማው ይበሳል። ሰሚው ስንጥቁን አላየም፤ ይሁንና ጉድለቱን አውቋል።

የባቡር ዓለም የመጀመሪያው መርማሪም ከሸክላ ገዢዋ የተለየ መሣሪያ አልነበረውም። በየጣቢያው ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ይዞ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ የሚሄድ፣ እያንዳንዱን ጎማ መትቶ የሚያዳምጥ ሠራተኛ ነበር። ጎማው እንደ ደወል ከጮኸ ይለፍ፤ ድምፁ ከታፈነ ይቁም። ሐዲዱ ግን ርዝመቱ በመቶ ኪሎ ሜትር የሚቈጠር ስለሆነ እንዲህ እየተመታ የሚዘለቅ አልነበረም። የሐዲድ ጠባቂው መንገዱን በእግሩ እየሄደ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ የላላውን ብሎን እያጠበቀ፣ የተሰበረውን እየፈለገ ይውል ነበር። ዓይን ግን የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረውን ነው፤ ሊሰበር ያለውን አይደለም።

*

ሐዲድን ከሩቅ ያየው ሰው የማይለወጥና የማይታመም ነገር ይመስለዋል። ጠጋ ብሎ የመረመረው ግን ሌላ ታሪክ ያገኛል። የባቡር ጎማና ሐዲድ የሚነካኩበት ስፍራ ከአንዲት ትንሽ ሳንቲም ብዙም አይሰፋም። በዚያች ስፍራ ላይ አንድ የጭነት ፉርጎ ጎማ 10 ቶንና ከዚያም በላይ ሊያሳርፍ ይችላል። አንዱ ጎማ ሲያልፍ ሌላው ይተካል፤ አንዱ ባቡር ሲሄድ ሌላው ይመጣል። የሐዲዱ ቆዳ ይጨመቃል፣ ይጎተታል፣ ይለቀቃል፤ እንደገና ይጨመቃል። ብረት ይህን ሁሉ ይሸከማል፤ የተሸከመውን ግን አይረሳም። መሐንዲሶች ይህን የብረት ድካም ይሉታል። ቃሉ ከሰው የተወሰደ ነው፤ ቦታውን ግን አልሳተም።

ድካሙ ቶሎ የሚታየው በኩርባ ላይ ነው። ባቡሩ ሲዞር ጎማው የውጭኛውን ሐዲድ ራስ በውስጥ በኩል ባለው ጠርዙ እየገፋ ይሄዳል። ከጊዜ በኋላ በዚያ ጠርዝ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች በሰልፍ ይወጣሉ፤ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። መጀመሪያ ወደ ጎን ጋደል ብለው፣ ከቆዳው ብዙም ሳይርቁ ያድጋሉ። በዚህ ደረጃ ለማንም አያሰጉም። ዝናብ ሲዘንብ ውኃ ይገባባቸዋል፤ ጎማ ሲያልፍባቸው ያ ውኃ በስንጥቁ ውስጥ ታፍኖ ይገፋል፤ ስንጥቁም በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይረዝማል። ከብዙዎቹ አንዱ ድንገት አቅጣጫውን ለውጦ ቁልቁል ወደ ሐዲዱ ሆድ የታጠፈ ዕለት ነገሩ ሌላ ይሆናል። አበው «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ነገሩ እንቆቅልሽም አለበት። ለስላሳው ሐዲድ ቶሎ ይበላል፤ ሲበላ ግን በላዩ የበቀለውን ስንጥቅ ገና በእንጭጩ አብሮ ይፍቀዋል። ጠንካራው ሐዲድ አይበላም፤ ስለማይበላም ስንጥቁን ይዞ ይቆያል። እንዲያውም ዕድሜው እንዲረዝም ተብሎ የጠነከረው ብረት ሕመሙን በውስጡ የሚያሳድግበት ጊዜ አለ። መድኃኒቱ ሐዲዱን በወቅቱ መፋቅ ነው፤ በልዩ ባቡር ላይ በተገጠመ ማሾያ ድንጋይ የሐዲዱ ቆዳ በስሱ ይነሣል። ነገር ግን ምን ያህል ይነሣ? ትንሽ ከተነሣ የስንጥቁ ሥር ይቀራል። ብዙ ከተነሣ ገና ለዓመታት የሚያገለግል ብረት በከንቱ ይባክናል። ስለዚህ ስንጥቅ መኖሩን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ጥልቀቱ መታወቅ አለበት።

*

ይህ እውቀት በነፃ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1911 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ማንቸስተር በተባለች ከተማ አጠገብ ሐዲድ ተሰብሮ ባቡር ከድልድይ ላይ ወደቀ፤ 29 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች የተሰበረውን ሐዲድ ሲያዩ ስብራቱ የጀመረው ከውስጥ መሆኑን ተረዱ። በብረቱ ሆድ ውስጥ፣ ከውጭ ምንም ምልክት ሳይሰጥ ያደገ ስንጥቅ ነበር። የትኛውም ሐዲድ ጠባቂ፣ ዓይኑ የቱንም ያህል ቢነቃ፣ ሊያየው አይችልም ነበር።

በመርከብ ኮምፓስ ሥራው የታወቀው ኤልመር ስፔሪ ለዚህ መልስ ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1928 ሥራ የጀመረው የእርሱ መርማሪ ባቡር በሐዲዱ ውስጥ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት እያሳለፈ በላዩ የሚፈጠረውን መግነጢሳዊ መስክ በጥቅል ሽቦ ያዳምጥ ነበር። ጅረቱ ደኅና ብረት ሲያገኝ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ስንጥቅ ሲያጋጥመው ይጠማዘዛል፤ መስኩም አብሮት ይጠማዘዛል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ አልትራሳውንድ መጣ፤ የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ከሐዲዱ ራስ ወደ ታች ይላካል፤ ስንጥቅ ካለ ድምፁ ተመልሶ ያስተጋባል። የሸክላ ገዢዋ ጥበብ በዚህ መልክ ወደ ሐዲድ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

አልትራሳውንድ ግን ጥልቁን ሲያይ ላይኛው ያምታታዋል። የቆዳ ስንጥቆች ተጠጋግተው በተሰለፉበት ስፍራ ድምፁ እዚያው ላይ ይበተናል፤ ከበታች ያለው ትልቁ ስንጥቅ በትንንሾቹ ጥላ ሥር ይሸሸጋል። ይህን ድክመት ዓለም በሰፊው የተረዳው በእንግሊዝ አገር በደረሰ አደጋ ነው።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 2000 ከለንደን ወደ ሊድስ በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር የሚበር ባቡር ሃትፊልድ አጠገብ ኩርባ ላይ ሳለ ሐዲዱ ከሥሩ ተፈረካከሰ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ከ70 በላይ ቆሰሉ። ስብርባሪው ሲሰበሰብ ያ የሐዲድ ክፍል ከ300 በላይ በሆነ ቁራጭ ተከፋፍሎ ተገኘ። ምክንያቱ በጠርዙ ላይ የወጡት እነዚያ ጥቃቅን ስንጥቆች ነበሩ። ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። የሐዲዱ መታመም ከአደጋው በፊት ታውቆ ነበር። መተኪያ ሐዲድም ተዘጋጅቶለት ነበር። ይሁን እንጂ አልተተካም፤ እስኪተካ ድረስም ባቡሮች ቀስ ብለው እንዲያልፉ አልታዘዘም። ከአደጋው በኋላ በመላ አገሪቱ ከ1,000 በሚበልጡ ስፍራዎች ላይ የፍጥነት ገደብ ተጣለ፤ ባቡር ሁሉ እንደ ኤሊ ሆነ። የሐዲዱ ባለቤት የነበረው ኩባንያም በዓመቱ ዕዳው ከብዶት በአስተዳዳሪ እጅ ወደቀ። በአንድ ኩርባ ላይ የተቆጠበው የጥቂት ሰዓት ሥራ በአገር ሙሉ የወራት መዘግየት ተከፈለ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር ለእሳት ብቻ የተነገረ አይደለም።

*

የቆዳውን ስንጥቅ ለማግኘት የቀረበው መሣሪያ የአዙሪት ጅረት ምርመራ ይባላል። ሥሩ ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 ዴንማርካዊው ኧርስቴድ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ አየ። በ1831 እንግሊዛዊው ፋራዴይ ነገሩን ገልብጦ፣ የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ በሽቦ ውስጥ ጅረት እንደሚወልድ አሳየ። በ1855 ፈረንሳዊው ፉኮ በማግኔት መካከል የሚሽከረከር የመዳብ ሰሌዳ በማይታይ ኃይል እንደሚያዝና እንደሚሞቅ አረጋገጠ። በሰሌዳው ውስጥ ጅረት እንደ ወንዝ አዙሪት እየዞረ ነበርና።

በቶንጎ የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር ይህን ለተማሪዎቹ ለማሳየት ሐዲድ አያስፈልገውም። ጠንካራ ማግኔትና ወፍራም የአሉሚኒየም ቱቦ ካገኘ ይበቃዋል። አሉሚኒየም ማግኔት አይስብም፤ ተማሪዎቹም ይህን ቀድመው ይፈትኑት። ከዚያ ማግኔቱን በቱቦው ውስጥ ይልቀቀው። ማግኔቱ እንደ ድንጋይ አይወድቅም፤ በማር ውስጥ እንደሚሰምጥ ነገር ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሲወርድ በቱቦው ግድግዳ ላይ አዙሪት ጅረት ይቀሰቅሳል፤ ጅረቱም የራሱን መስክ ፈጥሮ ማግኔቱን ይገታዋል። አሁን መምህሩ ከላይ እስከ ታች በመጋዝ የተሰነጠቀ ሌላ ቱቦ ያምጣ። በዚህኛው ውስጥ ማግኔቱ ፈጠን ብሎ ይወርዳል። ስንጥቁ ቱቦውን እየዞረ የሚሄደውን ጅረት ቆርጦታልና። ተማሪው በዚያች ቅጽበት የሐዲድ ምርመራን መሠረት ጨበጠ፤ ስንጥቅ ጅረትን ያውካል፤ የታወከ ጅረት ደግሞ ከውጭ ይታወቃል።

መሣሪያው ይህንኑ በረቀቀ መንገድ ይሠራል። ትንሽ ጥቅል ሽቦ ከሐዲዱ በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሄዳል። በሽቦው ውስጥ በሰከንድ በብዙ ሺህ ጊዜ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ጅረት ያልፋል። በሐዲዱ ቆዳም ውስጥ አዙሪት ጅረት ይነሣል። ጅረቱ በብረት ውስጥ ጠልቆ መግባት አይችልም፤ ከቆዳው ሥር፣ ከሚሊ ሜትር ባነሰ ስስ ንጣፍ ውስጥ ይሰበሰባል። ይህ ድክመቱ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ጥንካሬው ሆነ። ወደ ሆድ የማይገባ ስለሆነ የቆዳን ነገር ከማንም ይበልጥ ያውቃል። የዳቡስ ወንዝ መንገዱ ላይ ቋጥኝ ሲያገኝ በጎኑና በሥሩ እንደሚሽሎከሎክ ሁሉ፣ ጅረቱም ስንጥቅ ሲያጋጥመው መሻገር አይችልምና ዙሪያውን ይሄዳል። መንገዱ ሲረዝም የፈጠረው መስክ ይለወጣል፤ ጥቅል ሽቦውም ለውጡን ይሰማል። ስንጥቁ ሲረዝም ለውጡ ይበዛል። ከዚያ ተነሥቶ ጥልቀቱ ይገመታል፤ ምን ያህል መፋቅ እንደሚገባም ይታወቃል። መሣሪያው ሰው በሚገፋው ጋሪ ላይም፣ በመርማሪ ባቡር ላይም ይገጠማል።

ይህ ማለት ግን መሣሪያው ፈጽሞ አይሳሳትም ማለት አይደለም። ሽቦው ከሐዲዱ ትንሽ ከራቀ ድምፁ ይለወጣል። ብየዳ ሲያገኝ ይጮኻል፤ ጎማ ተንሸራቶ ያቃጠለው ስፍራ ሲያገኝም ይጮኻል። የስንጥቁ ርዝመት ወደ ጥልቀት የሚተረጎመውም ስንጥቁ በምን ያህል ጋድሎ እንደገባ በመገመት ነው፤ ግምቱ ከተሳሳተ ጥልቀቱም ይሳሳታል። አንዱን ጩኸት ከሌላው የሚለየው መሣሪያው ሳይሆን ብዙ ያዳመጠ ሰው ነው። በሸክላ ገበያም ቢሆን ጀማሪዋ ገዢ ታንኳኳለች እንጂ የሰማችውን ገና አታውቅም።

*

ሰሚውን የሚያደናቅፍ ሌላም ነገር አለ፤ ይህኛው ከሽቦም ከብረትም አይመጣም። ለእርሱ ከሐዲድ ጥቂት ወጣ ብሎ ወደ አንድ የሕመምተኛ አልጋ መሄድ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1879 ዴቪድ ሂዩዝ የተባለ ተመራማሪ ሁለት ጥቅል ሽቦዎችን አመዛዝኖ፣ አጠገባቸው የመጣውን ብረት በድምፅ የሚለይ መሣሪያ ሠራ፤ እውነተኛውን ሳንቲም ከሐሰተኛው ይለይበት ነበር። ወርቅ ፈላጊ ዛሬ የሚይዘው የብረት መፈለጊያም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ ወርቅ በሚታጠብባት የቤኒሻንጉል ምድር ዘመዱ እንግዳ አይሆንም። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በሐምሌ 1881፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመቱ። ጥይቱ ከሰውነታቸው ውስጥ የት እንዳለ አልታወቀም። የስልክ ፈልሳፊ የሚባለው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ይህንኑ ዓይነት መሣሪያ አሻሽሎ ወደ ፕሬዚዳንቱ አልጋ ቀረበ።

መሣሪያው በሌሎች ሰዎች ላይ ተፈትኖ ሠርቶ ነበር። በፕሬዚዳንቱ ላይ ግን የሚጨበጥ ነገር አላወጣም። የአልጋው የብረት ሽቦ እንዳሳሳተው ይነገራል። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነበር፤ ዋናው ሐኪም ጥይቱ በስተቀኝ መሆኑን አስቀድመው ስላመኑ፣ ቤል እንዲፈልግ የፈቀዱለት በቀኝ በኩል ብቻ ነበር። ፕሬዚዳንቱ በመስከረም ወር አረፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር ጥይቱ በስተግራ ተገኘ።

ሐኪሙ ክፉ ሰው ነበሩ የሚል የለም። መሣሪያውን ጠርተውታል፤ እንዲያዳምጥ ፈቅደዋል። የከለከሉት እርሳቸው ከተናገሩት ውጭ እንዲሰማ ብቻ ነው። አንድ ጆሮ የሚደነቁርበት መንገድ ሁለት ነው እንግዲህ። አንደኛው አለመስማት ነው፤ ይህ ለሳይንስ የሚቀል በሽታ ነው። ሁለተኛው ግን ከተፈቀደለት ጎን ብቻ መስማት ነው። ሃትፊልድ ሦስተኛውን ጨመረ፤ ሰምቶ፣ መዝግቦ፣ መዝገቡን ዘግቶ መቀመጥ።

በኢትዮጵያ «ሂስና ግለ ሂስ» የሚለው ሐረግ በ1970ዎቹ በየስብሰባው ይነገር ነበር። ቃሉ በዝቶ ጆሮው ያነሰበት ዘመን እንደነበረ ያን ጊዜ ያሳለፈ አንባቢ ያስታውሳል። ሂስ የሚፈለገው በስተቀኝ ነበር፤ ስንጥቁ ግን በየትኛው ጎን እንደሚያድግ ማንንም አያስፈቅድም። የቲያትር ሰው ይህን ከልምምድ ክፍል ያውቀዋል፤ የማይናገረውን ገጸ ባሕርይ ጉድለት ወዳጆቹ አይተው ዝም ካሉ መድረኩ ላይ ተመልካች ይነግረዋል። መምህርም ያውቀዋል፤ በመስከረም ያልተጠየቀች አንዲት ያልገባች ነገር በሰኔ የፈተና ወረቀት ላይ ትወጣለች። ለሕዝብ አገልግሎት የተሾመ ሰው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ሊያውቀው ይገባል፤ ከበታቹ የሚመጣው ሪፖርት ሁሉ እንደ ደኅና ሸክላ ከጮኸለት፣ ወይ አገሩ ሁሉ ደኅና ነው፣ ወይ የሚያንኳኳ ሰው አጥቷል።

*

የኢትዮጵያ ሐዲድ ታሪክ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፈቃዱን ሰጡ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ያ መንገድ የአንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ በረሃና ተራራ ሲያቋርጥ ኖረ። የድሬዳዋ የጥገና ክፍልም ብረትን በእጁና በጆሮው የሚያውቅ የሠራተኛ ትውልድ አፈራ። በዚያው መንገድ ላይ በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከኩርባ ድልድይ ላይ ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። የዚያ አደጋ ምክንያት የሐዲድ ስንጥቅ አልነበረም፤ ባቡሩ ኩርባውን በፍጥነት መግባቱ ነበር። እዚህ የሚነሣውም ስለ ስንጥቅ ለመመስከር ሳይሆን፣ በሐዲድ ላይ የአንዲት ቅጽበት ቸልታ ምን ያህል ነፍስ እንደሚያስከፍል ለማስታወስ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሐዲዱ ተለውጧል። በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። በ2009 ዓ.ም. ከሰበታ እስከ ጅቡቲ የተዘረጋው 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን በኤሌክትሪክ የሚሠራ መንገድ ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱንም በ2010 ዓ.ም. ጀመረ። አሮጌው ሐዲድ በየመገጣጠሚያው ክፍተት ነበረውና መንገደኛው ሌሊቱን ሙሉ ታክ ታክ የሚለውን ድምፅ እየሰማ ይተኛ ነበር። የዘመናዊ ሐዲድ ጫፍ ከጫፍ ይበየዳል፤ ያ ድምፅ ጠፍቷል። ጉዞው ለስላሳ ሆነ። ነገር ግን ለስላሳ ጉዞ ደኅና ሐዲድ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ብረቱ ዝም ባለ መጠን የሚያዳምጠው ሰው ይበልጥ መትጋት ይኖርበታል። አዲስ ሐዲድ ሲመረቅ ጥብጣብ ይቈረጣል፤ ሙዚቃ ይሰማል። ሐዲዱ በየወሩ ሲመረመር ግን ጥብጣብም ሙዚቃም የለም፤ በሌሊት፣ ባቡር በማያልፍበት ሰዓት፣ ጋሪ የሚገፋ ሰውና በጋሪው ላይ የሚርገበገብ መስመር ብቻ ነው።

በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ባዘጋጀው የአገር አቀፍ መረብ ዕቅድ ውስጥ ከኢጃጂ ተነሥቶ በነቀምቴና በአሶሳ አድርጎ ኩርሙክ የሚደርስ መስመር ነበረ። መስመሩ አልተዘረጋም። ቢዘረጋ ኖሮም ቶንጎ ከሐዲዱ በስተደቡብ ትቀር ነበር፤ የባቡሩ ጩኸት ግን ለአሶሳ ተጓዦቿ ይሰማቸው ነበር። አንድ ቀን ይዘረጋ ይሆናል። ያን ጊዜ ከሐዲዱ ጋር መርማሪው ጋሪም ይመጣል፤ ጋሪውን የሚገፋ፣ ጩኸቱን ከጩኸት የሚለይ ሰው ግን ከብረቱ ጋር ተጭኖ አይመጣም። የሚወጣው ከትምህርት ቤቱ ነው፤ ምናልባትም ማግኔቱ በተሰነጠቀው ቱቦ ውስጥ ለምን እንደፈጠነ ከጠየቀ ልጅ።

ያ ልጅ አድጎ፣ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ኩርባ ላይ፣ መስመሩ ሲርገበገብ ያያል እንበል። ነገ ጧት ከባድ የጭነት ባቡር ይጠበቃል፤ አለቃውም መዘግየት አይወድም። ልጁ ስንጥቁ ያለበትን ስፍራ በኖራ ምልክት አድርጎ ስልኩን ያነሣል። መሣሪያው የሚችለውን ሠርቶ ጨርሷል። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ምን ብሎ እንደሚመልስ ነው።

በገበያው ያለችው ሸክላ ሻጭ መልሱን ቀድማ ታውቀዋለች። ገዢዋ አንኳኩታ ፊቷን ካጨፈገገች፣ ሻጯ ድስቱን ተቀብላ እርስዋም በተራዋ አንድ ጊዜ ታንኳኳዋለች። ድምፁ ታፍኖ ከሰማችው አትከራከርም። ከኋላዋ ታኖረውና ሌላ ታነሣለች።